ጎደሬ የበሰለበት ጠመንጃ

ስማ፣ የቢያፍራ ሕዝብ! ጆሮ ያለህ ሁሉ ወደ ኡሙኦዙ መንደር አዘንብል! በማዕረግ ከሰፈሩ ፍየል ቀጥሎ የሚገኘው፣ የጫማ ድርሻውም ከአንድ እግር ያላለፈው ተራ ወታደር ኡዶጂ፣ በዛሬው ዕለት የታጠቀውን ጠመንጃ ከድስት ሥር ሲያነድ ስለተገኘ፣ ጉዳዩን አስር አለቃ ኦኔክዌሬ እንዲመረምር ታዟል። አስር አለቃው የጦር ስልት መጽሐፍ ጀምሮ መግቢያው ላይ ያቆመ ምሁር ነው። ያዘዘውም ራሱ ነው።

(ወታደሮች የሰፈሩበት የትምህርት ቤት ግቢ። ዝናቡ አባርቷል። ኡዶጂ ድስት አጠገብ ቁጢጥ ብሏል፤ ኦኔክዌሬ ቆሞ ይጮኻል።)

ኦኔክዌሬ፦ ጠመንጃህን ቀቀልከው?

ኡዶጂ፦ ኧረ የተቀቀለውስ ጎደሬው ነው፣ ዴዴ። ጠመንጃው ከሥር ነበር።

ኦኔክዌሬ፦ ዴዴ አትበለኝ! ጦር ሜዳ ላይ ታላቅ ወንድም የለም። አስር አለቃ በል!

ኡዶጂ፦ እሺ፣ አስር አለቃ ዴዴ።

ኦኔክዌሬ፦ ማን ፈቀደልህ?

ኡዶጂ፦ ዝናቡ ነዋ። ማገዶው ሁሉ በስብሶ፣ በዚህ ግቢ የቀረው ደረቅ እንጨት ትከሻዬ ላይ ያለው ብቻ ሆነ።

ኦኔክዌሬ፦ እንጨት? የጦር መሣሪያ እኮ ነው!

ኡዶጂ፦ ሲነድ ግን ልክ እንደ እንጨት ነው የነደደው።

ኦኔክዌሬ፦ ሰደፉ እንኳ አልተረፈም?

ኡዶጂ፦ ተርፎ ነበር። እርስዎ ሁለተኛ ሳህን ሲያስጨምሩ ገባ።

(ኦኔክዌሬ ቶሎ ብሎ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል።)

ኦኔክዌሬ፦ ነገር አታዙር! የመንደሩን ጭንብል ጠራቢ፣ የኮላ ፍሬና የዘንባባ ጠጅ ይዤ፣ ደጁን ጠንቼ ነው ያስጠረብኩት። አፈሙዙን በጥቀርሻ ያጠቆርኩት እኔ! በዘንባባ ዘይት የወለወልኩት እኔ!

ኡዶጂ፦ ለካ ለዚያ ነው! እኔ ደግሞ ዛሬ ጎደሬውን ምን እንዲህ አፋጠነው እያልኩ።

ኦኔክዌሬ፦ አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የጣልክብኝ!

ኡዶጂ፦ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፊቱንም አልወደድኩትም ነበር። ሽማግሌው እጁ ለምዶበት ሰደፉ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ ፊት ቀርጾበታል። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ጭንብል የለበሰ መንፈስ የወጣ መስሏቸው እንስራቸውን ጥለው ሸሹ።

ኦኔክዌሬ፦ አየህ! ጠላትም እንደዚያው ነው የሚሸሸው።

ኡዶጂ፦ ጠላት ውሃ ሊቀዳ ነው የሚመጣው?

ኦኔክዌሬ፦ አንተ ድንጋይ! ኮሎኔሉ አሁን ለጉብኝት ይደርሳሉ!

ኡዶጂ፦ ታዲያ እሰየው! ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ወዳለው ምሽግ ልንወርድ አይደል? እንጨት ይዤ ከወረድኩ እኔ አልመለስም። ‹የለንም› እንበላቸውና እውነተኛ ይስጡን።

ኦኔክዌሬ፦ ‹የለንም›? የለማኝ ቃል! የጦር ስልት ተማር፤ አለቃ ባዶ እጅ ሲያይ ይናደዳል፣ የታጠቀ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ደግሞ ይሰጣል።

ኡዶጂ፦ ላለው ሰው ምን ይሰጠዋል?

ኦኔክዌሬ፦ ተጨማሪ!

ኡዶጂ፦ ተጨማሪ እንጨት?

(ከሩቅ የመኪና ድምፅ ይሰማል።)

ኦኔክዌሬ፦ መጡ! ባዶ እጅህን እንዳትታይብኝ! ምንጩ ጋ ውረድና ሙዙ ውስጥ ተደበቅ!

ኡዶጂ፦ ዘነዘና ይዤ ከኋላ ብሰለፍስ?

ኦኔክዌሬ፦ ሩጥ አልኩህ! ጫማዋን ጭቃ እንዳታስነካት፤ ከሰዓት የመጫሚያ ተራው የኔ ነው!

(ኡዶጂ አንድ እግሩን አንስቶ እያነከሰ ይሮጣል። ወታደሮቹ የእንጨት ጠመንጃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። የኮሎኔሉ ጂፕ በአጥሩ በኩል ቀስ ብሎ ያልፋል፤ የጠላት አውሮፕላን ስለሚፈራ ማንም አይወርድም።)

ኦኔክዌሬ፦ (ደም ሥሩ እስኪገተር) ጌታዬ! ሙሉ ትጥቅ አለን! የጎደለን አንዳች ነገር የለም!

(ጂፑ ጥሩምባ ነፍቶ ይሄዳል። ኦኔክዌሬ ደረቱን ነፍቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆያል፤ ኡዶጂ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል።)

ኦኔክዌሬ፦ (ሳያየው) አመለጠህ! ኮሎኔሉ በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝ! እንግዲህ ዕቃው እንዴት እንደሚጎርፍ ታያለህ። (ዞር ይላል) ምንድን ነው የያዝከው?

ኡዶጂ፦ ጠመንጃ።

ኦኔክዌሬ፦ ወይ ጉድ፣ እንዴት አድርጎ ጠርቦታል! የማን እጅ ነው?

ኡዶጂ፦ ይንኩት እስቲ።

(ይነካዋል። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ይሰበስባል።)

ኦኔክዌሬ፦ ብረት!

ኡዶጂ፦ ከነጥይቱ። ምንጩ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ይዞት፣ ኮሎኔሉ ጂፓቸውን አቁመው ይጠብቁታል። ገፋሁላቸው። ‹ጠመንጃህስ?› አሉኝ። ‹ጎደሬ አበሰልኩበት› አልኳቸው። እስኪያንቃቸው ስቀው ይህን ሰጡኝ። መኪናው ጢም ያለ ጠመንጃ ነው፣ ዴዴ። ለሌላቸው የሚታደል ነው።

ኦኔክዌሬ፦ ታዲያ የኛም እንጨት ነው አትልም፣ አንተ ደደብ!

ኡዶጂ፦ አልኩ እንጂ! ‹አስር አለቃህ ገና አሁን ሙሉ ትጥቅ አለን ብሎ ጮኾልኛል። እሱን ልመን ወይስ ጠመንጃ የሚማግድ ሰው?› አሉኝ።

ኦኔክዌሬ፦ መኪናውስ?

ኡዶጂ፦ ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ። ግን በእርስዎ በጣም ኮርተዋል። ከሰዓት ወደ ምሽጉ ስንወርድ ‹ሙሉ ትጥቅ ያለው አስር አለቃ ይቅደም› ብለው አዘዋል። እኔ ከኋላዎ ነኝ።

(ኦኔክዌሬ ቁጭ ይላል። የእንጨት ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥቀርሻውን በጥፍሩ ይፍቃል።)

ኦኔክዌሬ፦ ኡዶጂ… ከኋላዬ ሆነህ፣ በየት በኩል ነው የምትተኩሰው?

ኡዶጂ፦ በራስዎ ላይ አሳልፌ ነዋ። እርስዎ ጎንበስ ብለው ይሂዱልኝ ብቻ።

አንተም አንባቢ፣ ምናልባት መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ‹የጎደለ ነገር አለ?› እያልክ የምታልፍ ሹም ከሆንክ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፤ እባክህ በሩን ክፈትና ውረድ፣ ውረድና ከፊትህ የቆመው ልጅ የያዘውን ጠመንጃ በገዛ እጅህ ንካው።