የቢቸናዋ ሊቀ መስመር

አገር ቢዞሩ፣ ያየችውን ሁሉ ካላረመች እንቅልፍ የማይወስዳት መምህርት የሌለችበት መዋዕለ ሕፃናት አይገኝም። ለቢቸናው የደረሱት እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው፤ ባልደረቦቻቸው በሌሉበት «ሊቀ መስመር» የሚሏቸው። ሕፃናትን እንስሳ መሣል የሚያስተምሩት በመስመር ነው፤ እባብ ጥምዝምዝ፣ ጃርት ቀጥ ቀጥ፣ የአዞ ጀርባ ወጣ ገባ። የሚሟገታቸው ሰው ከተገኘ «መስመር አይዋሽም!» ይሉታል፤ ክርክሩ አበቃ።

ከሞጣ ተመድባ የመጣችው ወጣቷ ረዳታቸው ዘይዳ ይኼን ቃል ሰምታ ሰምታ ጆሮዋ ደንዝዟል። ለዒድ ሞጣ ቤተሰቦቿ ዘንድ እትዬን ይዛ ብትሄድ፣ አረፍ ሳይሉ አባቷን «ጋሽ ሐምዱ፣ የበቅሎዎ ወገብ መስመሩ ጎብጧል፤ ጭነት ይቀንሱላት» ብለው አሳፈሯት። የሠርግ ድንኳን ላይ የተሣለውን አንበሳም «ጎፈር ያወጣ በግ» ብለው ሙሽሮቹ ፊት አርመዋል።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ግቢውን ዋጠው። የዕለቱ ትምህርት ድመት ነበር። ዘይዳ በወንበሮቹ መካከል ስትዞር፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የብሩክታይት ሥዕል ላይ ዐይኗ ተተከለ። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ጀርባ፤ ማጅራት ላይ የቆመ ፀጉር።

«ብሩክቲ፣ ድመትሽ ምን ሆነች?»

«ድመት አይደለችም» አለች ልጅቱ፣ ቀና ሳትል።

ከጎኗ ያለው ልጅም ያንኑ ሥሏል። ከኋላዋ ያለችውም። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት በሙሉ፣ ሳይነጋገሩ፣ ያንኑ ቁልቁል የወረደ ጀርባ።

«ማን አሳያችሁ?»

«ቆማ ታየናለች» አለች ብሩክታይት በእርሳሷ ወደ ውጭ እየጠቆመች።

ዘይዳ አየች። ከነጭ ጉም በቀር ምንም የለም። እትዬን በእጇ ጠራች።

እትዬ ፀሐይነሽ መጥተው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ቀስ ብለው በሩን ቀረቀሩና «ልጆቼ፣ አሁን ደግሞ ድምፅ የማያሰማ መስመር እንሥላለን» አሉ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ስጦታው መጥተው አንኳኩ። «የመውጫ ሰዓት ደርሷል፤ ልጆቹን ልቀቁ እንጂ!»

እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው «ግቢው ውስጥ ጅብ አለ» አሏቸው።

«በቀን ጅብ? በሕፃን ሥዕል?»

«መስመር አይዋሽም።» ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም።

ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ጅቧ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ቆማለች፤ እየተሣለች መሆኑን የምታውቅ ይመስል፣ ሳትነቃነቅ መስኮቱን ትመለከታለች። አቶ ስጦታው ዘለው ክፍል ገቡና ስልክ ደወሉ። የሰፈሩ ሰው ዱላና ቆርቆሮ ይዞ ደርሶ፣ እየጮኸ አባረራት።

«ሄዳለች፣ ክፈቱ!» አለ አንዱ ከውጭ። ዘይዳ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደች።

«ቆይ!» እትዬ የብሩክታይትን ወረቀት አነሡ። ከመጀመሪያው ጀርባ ኋላ፣ ደብዘዝ ያለ ሌላ ጀርባ ተሥሏል። በመስኮቱ «ሁለት ናቸው!» ብለው ጮኹ።

ሰዎቹ ግቢውን እያሰሱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። ሁለተኛው ጅብ ከዚያ ተፈናጥሮ ወጥቶ አጥር ጥሶ ሸሸ። ልጆቹ የሚወጡት በዚያው በኩል ነበር።

ወላጆች ልጆቻቸውን አቅፈው ከሄዱ በኋላ፣ ዘይዳ እትዬን ሰሌዳው ሥር ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ዘይዳዬ፣ እኔ እኮ ጅብ እንደ እሳት ነው የምፈራ።»

«ታዲያ እንዴት አላስታወቀብዎትም?»

«ልጆቹ ያዩኛላ!»

ዘይዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ክንዳቸውን ደግፋ ቤታቸው ድረስ ሸኘቻቸው። መንገዱን ሙሉ የየሰዉን አጥር «ጠሟል» እያሉ ሲያርሙ፣ እሷም «ልክ ነዎት፣ እትዬ» ትላለች፤ ቀጥ ያለውን ጠሟል ሲሉም ጭምር።