ባለ ሁለት ሃይማኖቱ በሬ

ስለ ሃይማኖቶች መቀራረብ ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። ጥሩ ነው፣ ይወራ። እኔ ግን ሰው በሰማዩ ጉዳይ ሲጣላ ያየሁት ጥቂት ነው። መንግሥተ ሰማያት ሰፊ ሳትሆን አትቀርም፣ ሁሉም የራሱን ስፍራ በሐሳቡ ይዞ ዝም ይላል። የሚያስቸግረው ምድር ላይ ያለው ሥጋ ነው። በእኛ በአሰላ ለቅሶው አንድ፣ ሠርጉ አንድ፣ ደቦው አንድ ነበር። ከብት የታረደ ቀን ግን ያረደው እጅ ይጠየቃል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም። ዓመቱን ሙሉ ተፋቅረን ከርመን በአንዲት ቢላ እንለያይ ነበር።

ሰፈራችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከተማዋን የቆረቆሩት ሰዎች ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሙስሊሞቹ በሚበዙበት ማዶ፣ መስጊዱን ደግሞ እኛ ክርስቲያኖቹ በምንበዛበት ወዲህ ተከሉት። ድልድይ የለም። ክረምት ሲገባ ግማሹ ሳያስቀድስ፣ ግማሹ ሳይሰግድ ይቀራል። ባለፈው ክረምት ግን ወንዙ ከገበያ የምትመለስ የልጆች እናት ወሰደብን። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ቄስ ተሰማና የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ቃሶ ተነጋግረው ድልድይ በጋራ እንሥራ አሉ። እንጨቱን ሕዝቡ ቆረጠ። ለብረቱና ለምስማሩ ደግሞ ሁለቱም ወገን አዋጥቶ አንድ በሬ ተገዛና አድልበን እንድንሸጠው ተወሰነ። ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ታማኝነቴ ታይቶ እንዳይመስላችሁ፣ ግቢዬ ሣር ስላለው ነው።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ነበር። ከተማው በሙሉ ይጾማል። በአሰላ ቀኑን ሙሉ ጠግቦ የሚውል የእኔ በሬ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ ላጠጣው ወንዝ ባወርደው ድንጋይ አንሸራተተውና እግሩ ተሰበረ። ወድቆ ያቃስት ጀመር። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው። በክት ደግሞ ቄሱም ሐጂውም እኩል የሚጸየፉት ነገር ነው። ድልድያችን ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው ማለት ነው። ጎረቤት ቢላ አቀበለኝ። በስመ አብ ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከዳር ቆማ፣ ለመሆኑ ማን ሊበላው ነው አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። እውነትም ማን ሊበላው? እኔ ካረድኩት ሙስሊሙ አይነካውም። ክርስቲያኑ እንዳይገዛው ሁዳዴ ነው። በአንድ ጊዜ ለሁለት ሃይማኖት የማይሆን ሥጋ ላዘጋጅ ነበር። እንዲህ ያለ ችሎታ ለማንም አልተሰጠም።

በዚህ መሐል ቄስ ተሰማ ከቅዳሴ ወጥተው ወንዙን ሲሻገሩ ደረሱ። በሬውን አዩ፣ ቢላውን አዩ፣ እኔን አዩ። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መስጊዱ ሽቅብ ሮጡ። ከዚያ ቀን በፊት ቄስ ተሰማ ሲሮጡ ያየ ሰው ካለ ይመስክር።

በኋላ እንደነገሩን፣ ቄሱ ሲደርሱ ሐጂው ሶላት ላይ ነበሩና በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ሐጂ ቃሶ ሲወጡ ጥምጥማቸው የተፈታ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው ቄስ በራቸው ላይ ያያሉ። ያ ረቢ፣ አባ ምን ሆኑ ቢሏቸው ቄሱ ከቃላት ሁሉ መርጠው የተናገሩት አንዱን ብቻ ነው። ቢላ፣ ቢላ አሉ።

እኛ ከታች ያየነውን ልንገራችሁ። ከፊት ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ይሮጣሉ። ከኋላ ሐጂ ቃሶ ቢላ ይዘው፣ ከሐጂው ኋላ ደግሞ መስጊዱ በሙሉ ይሮጣል። ማዶ ያሉ ሴቶች ኡኡታቸውን አቀለጡት። ፖሊስ ፊሽካ ነፋ። እኔ ራሴ፣ ነገሩን የማውቀው ሰውዬ፣ ለአፍታ ቄሱ አለቁልኝ ብዬ ነበር።

ሐጂ ቃሶ ደርሰው በሬው ፊቱን ወደ ቂብላ ያዙር አሉ። የሚገፋው ጠፋ እንዴ? ክርስቲያኑ ከወገቡ፣ ሙስሊሙ ከትከሻው፣ ቄስ ተሰማ ቀንዱን ይዘው በሬውን ወደ መካ አዞሩት። ቢስሚላህ ተባለና ታረደ። እፎይ አልኩ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱም አልወቀሰኝም።

ሥጋው በዚያው ዕለት ለማፍጠሪያ ተሽጦ አለቀ። ምስማሩና ብረቱ ተገዛ፣ ድልድዩም ወንዙ ሳይሞላ ተሠራ። ሙስሊሞቹም፣ ሥጋውን እኛ ስለወሰድን ቆዳው የእናንተ ድርሻ ነው ብለው ለቤተ ክርስቲያኑ ላኩት። ደብሩ ከበሮው ተቀዶበት ነበርና ቄስ ተሰማ ወዲያው አስወጠሩት። በጾሙ ከበሮ አይመታምና የተመታው በትንሣኤ ሌሊት ነው። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ።

የሐጂ ቃሶ ቤት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ጠዋት እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን በአዲሱ ድልድይ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ቄስ ተሰማ፣ ምነው ሐጂ፣ እንቅልፍ አልወሰደዎትም እንዴ ቢሏቸው፣ እንዴት ይውሰደኝ አሉ፤ ስንት ከብት ያረድኩ ሰው ነኝ፣ አንዱም ተነሥቶብኝ አያውቅም፤ ይሄ ግን እናንተ እጅ ገባና ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሳ አደረ።