የጋሽ ወልዴ እጅ

እጅ ጽሑፋችሁ ያምራል? የኔ አያምርም። ማታ የጻፍኩትን ጠዋት እኔው ራሴ ማንበብ ያቅተኛል። ግን በየመሥሪያ ቤቱ እጅ ጽሑፉ የሚያምር አንድ ሰው አይጠፋም አይደል? ቃለ ጉባኤ ሲሆን እሱ ይጠራል፤ ምስክር ወረቀት ላይ ስም ሲሞላ እሱ፤ ሠርግና ለቅሶ ሲሆን ደግሞ እሱ። ቦንጋ ባለው የኛ መሥሪያ ቤት ያ ሰው ጋሽ ወልዴ ነበሩ።

ጋሽ ወልዴ የማንኪራ ልጅ ናቸው። የማጽናኛ ካርዳቸው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ዋጫ ድረስ ይሄዳል፤ የተቀበለው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንድ ልማድ ነበራቸው። አራት ነጥብ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ጫን ያደርጉታል። ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ብትዳብሱት ነጥቦቹ ይቆረቁሯችኋል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ያመጣችው ሰላማዊት ናት፤ የአይሲቲ ባለሙያችን፣ የዋጫ ልጅ። ማሽኑ እስክሪብቶ ይይዛል፤ የሰጡትን ሰው እጅ አጥንቶ በዚያው እጅ ይጽፋል። የማንን እጅ እንስጠው ተባለ። ይህስ ጥያቄ ነው? ጋሽ ወልዴ ቁጭ ብለው ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ደጋግመው ጻፉላት። ሲጨርሱ፣ በቃ እጄ ጡረታ ወጣ፣ እኔ ነኝ የቀረሁት ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን።

ሰላማዊት ማሽኑን ከሰው ሀብት ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ልደት፣ ሠርግ ወይም ሞት ሲመዘገብ ማንም ሳያዘው ለቤተሰቡ የሚሆነውን ካርድ ይጽፋል። መጀመሪያ ሰሞን ተሰብስበን እናየው ነበር። በኋላ ግን ብቻውን ከሱ ጋር መቅረት የሚፈልግ ጠፋ። እጁ አለ፣ ሰውየው የለም፤ ደስ አይልም። አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ ራሳቸው አጠገቡ ቆመው ሲያዩት ቆዩና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ብዙም አልቆዩም። አንድ ጠዋት ጓሯቸው ያለውን ቀፎ ለማየት እንደወጡ እዚያው ወድቀው ቀሩ። አልታመሙም፣ አልተኙም፣ ከማንም አልተሰናበቱም። ሰው ሀብት ሞታቸውን እንደ ደንቡ መዘገበ። ማሽኑም የተማረውን አደረገ። እኔ የማኅበራዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ፤ የታሸገውን ፖስታ ተቀብዬ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ውስጡን አላየሁም። የለቅሶ ፖስታ ከፍቶ የሚያይ ማነው?

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ፖስታውን ከፍተው አነበቡ። ወረቀቱን ገለበጡና በጣታቸው ዳበሱት። ካርታ የያዙት ሰዎች እንኳ አቆሙ። «ውድ ባለቤትዎን በማጣትዎ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል» ይላል፤ በውድ ባለቤታቸው እጅ።

«መቼ ጻፈው?» አሉኝ።

ወረቀቱን ለማየት ጠጋ አልኩ።

«ያውቅ ነበር ማለት ነው። እንደሚሞት እያወቀ ደበቀኝ።»

አያችሁ? እኛ መንፈስ ነው ወይስ ማሽን እያልን ስንፈራ፣ እሳቸውን የወጋቸው ሌላ ነው። ዕድሜ ልክ አብሯቸው የኖረ ሰው ትልቁን ነገር ደብቋቸው ከሄደ፣ የቀረው ሁሉስ እንዴት ይታመናል? ላስረዳ ሞከርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን፣ እትዬ፣ የጻፉት እሳቸው አይደሉም፣ እጃቸው ብቻ ነው የሚል ሆነ። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ አማተቡና ወንበራቸውን ከኔ አራቁ።

ወሬው በባጃጅ ከተማውን ዞረ። ጋሽ ወልዴ የሁላችንንም ማጽናኛ ጽፈው አስቀምጠዋል ተባለ። ልጁን የዳረ ባልደረባችን የደስታ መግለጫውን አልቀበልም አለ። እትዬ አስካለ ግን እህል አልቀምስ ብለዋል የሚል ሰማሁ፤ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። ሰው ልኬ፣ ይምጡና ማሽኑን በዓይንዎ ይዩት አልኳቸው።

ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡ። ውጭው ጉም ነው፤ በመስኮት ግቢው እንኳ አይታይም። ሰላማዊት አንድ የስብሰባ ጥሪ ጻፈችና ለቀቀችው። እስክሪብቶው ተነሳ። እትዬ አስካለ ወረቀቱን ሳይሆን ከወረቀቱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚያዩት፤ ክንድ መኖር ያለበትን ቦታ። አራት ነጥቡ ጋ ሲደርስ ጫን አደረገው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲያው አላወቀም» አሉ። «እንደኔው ድንገት ሆኖበት ነው።» ረጅም ትንፋሽ አወጡና ወንበር ሳቡ።

እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ልሸኛቸው ተነሳሁ። እሳቸው አልተነሱም። ለዚህ ሁሉ ሰው ጻፈ፣ ለኔ ግን አንዲት መስመር ጽፎልኝ አያውቅም አሉ። ከዚያ ሰላማዊትን ወደ ጆሯቸው ጠርተው በካፊኖኖ መናገር ጀመሩ። እኔ ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ከካፊኖኖ የማውቀው ሰላምታ ነው። ሰላማዊት አንድ ጊዜ መልሳ ጠየቀቻቸው፣ ዓይኗን ጠረገች፣ የሰማችውን ማሽኑ በሚያውቀው በኛው ፊደል ጻፈችው።

እስክሪብቶው ሄደ፣ ሄደ፣ ቃል መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከእስክሪብቶው ሳያነሱ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ለኔ ሲሆን መሃል ላይ ይተወዋል አሉ። ልስቅ ነበር፤ ግን ለኛ አልነበረም የሚናገሩት። ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። መብራት መጣ። ማሽኑን የነካው የለም። እስክሪብቶው ዝቅ አለ፣ የቀረችውን ቃል ጨረሰ፣ አራት ነጥቡን ጫን አደረገ። ሰላማዊት በኋላ ስለ ሜሞሪ ምናምን አስረድታኛለች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት እንጂ አላመንኳትም።

እትዬ አስካለ ወረቀቱን ገልብጠው ዳበሱት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና ወደ ጉሙ ወጡ። ምን ብሎ ጻፈ ብዬ ሰላማዊትን ለመንኳት። የባልና ሚስት ነው ብላ ዘጋችኝ።

አሁን ችግሩ እኔ ላይ መጥቷል። የሟች እጅ ማጽናኛ ይጽፋል እንዴ ተባለና ጋሽ ወልዴን ከማሽኑ አውጥተው ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነው። ሰብሳቢው ይሁን ተባለ፤ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። እጄ አያምርም ብል፣ ማሽኑ ያስተካክለዋል አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ የእትዬ አስካለንም ሳላስቀር። እጄን እዚያ ነገር ውስጥ ትቼ አልሞትም፣ ነገ እንቢ እላለሁ ብዬ ፎከርኩ። ትደግፈኛለች ብዬ ነበር። የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ ትንሽ አየችኝ።

«ስጣቸው እንጂ» አለችኝ። «ያኔ ለኔም አንዲት መስመር ትደርሰኛለች።»