ስድስት ጥሬ ማንጎ

(ድሬዳዋ፣ 1972 ዓ.ም.፣ እሁድ ረፋድ። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ ግቢ በዛብህ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል። ጓደኛው ቡልቻ የበዛብህን ኮት በክንዱ ይዞ ደጅ ቆሟል።)

ቡልቻ፦ አቦ፣ ማንጎው ነው እኮ የምልህ!

በዛብህ፦ (ከውስጥ) ማንጎ ሰው አይጎዳም! በተለይ ያልበሰለ። አንጀት ይጠርጋል።

ቡልቻ፦ ከንጋት ጀምሮ እየጠረገ ነው። አሁንም አልጨረሰም?

በዛብህ፦ የቀበሌው ውይይት ክበብ ላይ ሲያስተምሩን ተኝተህ ነበር? ያልበሰለ ፍሬ ውስጥ አሰር አለ።

ቡልቻ፦ (ዙሪያውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አሰረ? ማንን አሰረ?

በዛብህ፦ ማንንም አላሰረም! አሰር ነው ያልኩህ፣ አንጀት የሚጠርገው ገለባ!

ቡልቻ፦ እውነትም ማንንም አላሰረም። ሁሉንም እየለቀቀ ነው።

በዛብህ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ቡልቻ፦ አምስት ተኩል። ሽማግሌዎችህ ሳቢያን ሰፈር፣ ልጅቷ ቤት ገብተዋል። የዘርፈሽ አባት «ልጄን የሚያገባውን በዓይኔ ልየው» ብለው ቁጭ ብለዋል።

በዛብህ፦ ለዚሁ ብዬ እኮ ነው ስድስቱን የበላሁት! ሆዴ ቀለል እንዲለኝ... ውይ! ውይ!

ቡልቻ፦ ጥሬ ሙዝ ቀቅዬ ላምጣልህ? እናቴ የልጅ ሆድ ሲሮጥ የምትሰጠው እሱን ነው።

በዛብህ፦ ከቀቀልከው ምኑን ጥሬ ሆነ? ሳይንስ አታበላሽ! ይልቅ በጋሪ ሂድና ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ቡልቻ፦ ምን ብዬ?

በዛብህ፦ ሽንት ቤት የሚል ቃል እንዳይወጣህ! በደፈናው «ያልበሰለ ስለሆነ ነው» በል። ይገባቸዋል።

(ቡልቻ ይሄዳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ በዛብህ ገርጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።)

በዛብህ፦ እህስ! ምን አልካቸው?

ቡልቻ፦ እንዳልከኝ። «በዛብህ ያልመጣው ያልበሰለ ስለሆነ ነው»።

በዛብህ፦ ማንጎው ነዋ ያልበሰለው!

ቡልቻ፦ ማንጎ በል አላልከኝም!

በዛብህ፦ አባትየውስ?

ቡልቻ፦ ወደዱህ! «ያልበሰለ መሆኑን ማን አምኖ ያውቃል? ይህስ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

በዛብህ፦ ተመስገን! መቼ ልምጣ?

ቡልቻ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ። «እስኪበስል እንታገሠዋለን» ብለዋል።

በዛብህ፦ (ሆዱን ሳይሆን ራሱን ይዞ) ሁለት ዓመት! ዘርፈሽስ ዝም አለች?

ቡልቻ፦ ኧረ ሳቋ! ምሳውን እያቀረበች መሶቡ ላይ ልትወድቅ ነበር።

በዛብህ፦ የምን ምሳ?

ቡልቻ፦ ላንተ የተሠራው ነዋ። «አንተስ?» ሲሉኝ፣ «እኔ የበሰለ ነው የሚስማማኝ» ብዬ ያንተንም ጭምር በላሁት።