የእማማ ኤቢሴ የዐሥር ነጥብ ዘመቻ

አቶ ቡልቻ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ ምላሳቸውም ከብዶ፣ አልጋ በያዙ በስምንተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የቀራንዮ መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ በተቆፈረበት በወርኃ ግንቦት፣ ባለቤታቸው ንግሥተ ትዕግሥት፣ ዐቃቢተ ሕሙም፣ ፍራሽ ገልባጯ እማማ ኤቢሴ ዘቀራንዮ ወደ ሶሻል ወርክ ኮሌጅ ዘመቱ። የዘመቱበትም ምክንያት እንዲህ ነው።

ተገልጋዮችና አስታማሚዎች ተማሪ በማስተማር ይሳተፉ የሚል መመሪያ ከወጣ ወዲህ፣ ኮሌጁ እማማ ኤቢሴን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሦስት ጊዜ አሳትፏቸዋል፤ አንዴ ባነር ሥር አስቀምጦ፣ አንዴ አቴንዳንስ አስፈርሞ፣ አንዴ ፎቶ አንስቶ። የሚናገሩበት ሰዓትማ በፕሮግራሙ ተይዞ ነበር፤ የዲኑ የመክፈቻ ንግግር በላው እንጂ።

አራተኛው ጥሪ ግን የተግባር ፈተና ነበር፤ ከተፈታኞቹም አንዷ ሜቲ ናት። ለልምምድ ቤታቸው ከመጡት ተማሪዎች ሁሉ አቶ ቡልቻን ራሳቸውን ያነጋገረች፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው እስክትወጣ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብላ የጠበቀች እርሷ ብቻ ነበረች። ይህን ፈተና ከወደቀች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው፤ ይህንንም ሲያስቡ የእማማ ኤቢሴ አንጀት አልቻለም።

ወእምዝ ጎረቤታቸውን ፋሪዳን በቤታቸው እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የሽንት መቀበያውን፣ የሬዲዮኑን ባትሪ በዝርዝር አስረከቧት። ከ18 ማዞሪያ በሚኒባስ ሲነሡም የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነበር፦ በቀኝ ሽንኩርት በፌስታል የታቀፉ ሁለት ሴቶች፣ በግራ የመስኮት መስታወት ጭኑ ላይ ያቆመ ሠራተኛ፣ ከኋላ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነው የተጣበቁ መኳንንት፣ በበሩም አንገቱን አውጥቶ ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ እያለ መድረሻ ሰፈሩን የሚያውጅ ወያላ።

በአዳራሹም ፈተናው ሆነ። መጀመሪያ ዮኤል የሚባል ተማሪ ቀርቦ፣ አንገቱን ቀና ሳያደርግ፣ ዐሥራ ሁለቱን የቅጹን ጥያቄዎች እማማ ኤቢሴ ላይ አወረደባቸው። ቀጥላ ሜቲ ቀረበች፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አይታ ቅጹን አስቀመጠችና፣ እርሳቸውንስ ማን እንደሚያግዛቸው ጠየቀቻቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀ አልነበረምና ሆድ ባሳቸው፤ እርሳቸው ሲያወሩላት ሰዓቱ አለቀ፤ ዘጠኝ ጥያቄዎችም ሳይነኩ ቀሩ።

አቴንዳንስ የሚያዞረው መምህር ችኩል ነበርና፣ የሚፈርሙበትን ወረቀት፣ ነጥብ መስጫው ከሥሩ እንደተደረበ አመጣላቸው። ስምንት ዓመት ሰው ሲያገላብጥ ለኖረ እጅ ወረቀት መግለጥ ምኑ ይከብዳል? ገለጡት። በመጨረሻው መስመር «በአስታማሚዋ የሚሰጥ፣ ከዐሥር» ይላል፤ እርሳቸው ሳያውቁ፣ በእርሳቸው ስም፣ ለዮኤል ዘጠኝ፣ ለሜቲ ሁለት ተሞልቷል። የሜቲ ድምር አርባ አምስት፣ ማለፊያው ደግሞ ኀምሳ ነበር። እማማ ኤቢሴ በገኑ።

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ። እኔ ኤቢሴ እጅ እያለኝ ሌላ ሰው አይሞላልኝም። ዐሥሩ ነጥቤ እስኪመለስልኝ ድረስ አቴንዳንስ አልፈርምም፤ ለፎቶም አልቆምም።»

በመምህራኑ ሰፈር ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ያለ ፊርማ ሪፖርት የለም፤ ያለ ፎቶም ተሳትፎ የለም። ዲኑ ከአማካሪዎቻቸው ጋር ጥግ ይዘው ከመከሩ በኋላ መልስ አዋጅ አወጡ፦ «መመሪያው ስለሚያዝ፣ እናታችን ራሳቸው ይሙሉ።»

እማማ ኤቢሴም የሜቲን ሁለት ሰርዘው ዐሥር ጻፉ፤ ለዮኤልም ምሕረት አድርገው፣ አንገቱን ቀና ማድረግ እስኪለምድ በሚል፣ አራት ሰጡት። ከዚያም ፈርመው ለፎቶ ቆሙ።

የኮሌጁ ሪፖርት «አስታማሚዎች እንደ ወትሮው በደስታ ተሳትፈዋል» ይላል። በሚቀጥለው ሴሚስተርም አቴንዳንሱ በር ላይ፣ ገና ሲገባ እንዲፈረም ተወሰነ፤ ኮሌጁ ከእማማ ኤቢሴ የተማረው ይህንኑ ብቻ ነው።

እኛ ግን እንዲህ እንጽፋለን፦ ያለ ጦር ያለ ጋሻ፣ በአንዲት እስክሪብቶ፣ አርባ አምስትን ኀምሳ ሦስት ያደረጉ፣ ለቅጽ ያልተንበረከኩ ኤቢሴ ዘቀራንዮ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል። ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጠው ግን ያን ዕለት ከአልጋው የመጣው ነው። ዜናውን ሲነግሯቸው አቶ ቡልቻ ከንፈራቸውን ደጋግመው አንቀሳቀሱ፤ እማማ ኤቢሴም ሜቲ እንደጠበቀች ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሩብ ሰዓት አልፎ፣ ስለ ዐሥሩ ነጥብ የአቶ ቡልቻ ቃል ወጣ፦ «አነሰ።»