ሁለት ፕሮግራም፣ አንድ ቁም ሳጥን

ከጠብ ይልቅ ብዙ ዕቃ ያበላሸው ዕርቅ ነው! አትቆጡኝ፣ ማስረጃ አለኝ… ሁለት በር ያለው ማስረጃ።

ከሸሪኬ ከማርቆስ ጋር ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተን ነበር። ጊዜው ኮምፒውተር ያለው ሰው በከተማው የሚታወቅበት፣ የሌለው ደግሞ ስለ ኮምፒውተር የሚያስረዳበት ጊዜ ነው። እኛም እንዳንቀር ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ አስመጣን። ሻጩ ታዲያ የቤት ዕቃ ንድፍ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች በፍሎፒ ዲስክ ላከልንና ሞክራችሁ የሚያስማማችሁን ምረጡ አለን። የሚያስማማችሁን! እስከዚያ ቀን ድረስ እኮ ተስማምተን ነበር።

እኔ ቁም ሳጥኑን በሁሉም በኩል እያሽከረከረ የሚያሳየውን ወደድኩ። ማርቆስ ልኩን ጥግ ጥጉ ላይ የሚጽፈውን። የአንዱንም አጠቃቀም አናውቅም፤ ክርክሩ ግን የጦፈ ነበር። ሰው የማያውቀውን ነገር ሲደግፍ እንዴት እንደሚበረታ መቼም አይታችኋል። ሳምንት ሳይሞላ ሰላምታ ተቋረጠ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አስቴር መጡ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ቤት እያሠሩ ነው። አንድ ቁም ሳጥን ሠርታችሁ አሳዩኝ፣ ካማረኝ የሁሉንም ክፍል እናንተው ትሠራላችሁ አሉን። ይህ ሥራ ካመለጠን ቤታችን መዘጋቱ ነው። ተኳርፎ ደግሞ ቁም ሳጥን አይሠራም። ስለዚህ ለማስታረቅ ሰው የሚፈልጋቸውን የገረሴ ተወላጅ የሆኑትን የሰፈራችንን ሽማግሌ፣ ጋሽ ዘለቀን፣ ለመንን።

ጋሽ ዘለቀ በአገራቸው ወግ የዕርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሳራቸውን ይዘው መጡ። ኮምፒውተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ግራውን ግማሽ እኔ በፕሮግራሜ፣ ቀኙን ማርቆስ በፕሮግራሙ ነድፈን እንድንሠራ ወሰኑና መረቁን፤ ከዛሬ ወዲያ ያለፈውን ነገር ያነሳ ዕርቁን አፍርሷል ብለውም አስጠነቀቁ። ተቃቀፍን። እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ መጣ።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበሩን ቁመት ማርቆስን ልጠይቀው አሰብኩና… ተውኩት። ቁመት ካነሳሁ ንድፍ ይነሳል፣ ንድፍ ከተነሳ ፕሮግራም ይነሳል፣ ፕሮግራም ከተነሳ ዕርቁ ፈረሰ! እሱም በዚሁ ፍርሃት ሳይጠይቀኝ ቀረ። እኔ በሩን እስከ ቁም ሳጥኑ ጫፍ አስረዘምኩት፤ እሱ ከላይ ሻንጣ ማስቀመጫ ይኖራል ብሎ ክንድ ያህል አሳጠረው። ሁለቱን ግማሾች ስንገጥማቸው አየሁ። ማርቆስም አየ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልንና ቫርኒሽ ቀባን።

ወይዘሮ አስቴር የኔን በር ከፈቱ፣ ዘጉ። የማርቆስን ከፈቱ፣ ዘጉ።

«እነዚህ ታላቅና ታናሽ ናቸው?» አሉ።

ሽማግሌ ከመላክ ሌላ ምን መላ አለን? ከሴትዮዋ ያማልዱናል ብለን ጋሽ ዘለቀን እየሮጥን አመጣናቸው። ሳራቸውን እንደያዙ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመው አንዱን በር ከሌላው አስተያዩ… ከዚያ ወደ ወይዘሮ አስቴር ሳይሆን ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ እኔ ያስታረቅኩት እናንተን ነው። በሮቹማ ገና እንደተጣሉ ናቸው» አሉን።

የአልጋ ቤቱን ሥራ ሌላ አናጺ ወሰደው። ሰውየው ንድፉን የሚሠራው በእርሳስ ነው… ብቻውን።