የፕሮፌሰራችን ዳሌ

የትኛውም ሐኪም ቤት ሁለት ዓይነት ሐኪም አለው፤ ጋውን ለብሶ በር ዘግቶ የሚያክምና ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚያክም። ሁለተኛው ዘንድ ቀጠሮ አያስፈልግም። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ያክማችኋል።

የእኛ የአጥንት ክፍል አግዳሚ ሐኪም ክቡር ፕሮፌሰር ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው ጉልበታችን የከዳን ተራ ጠባቂዎች ነን እንጂ እሳቸውስ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የሰው ራጅ ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ያዩና፣ አንዳንዴም ገልብጠው፣ "ቀላል ነው፣ አይዞህ" ይላሉ። የእኔን ጉልበት ክርን ነው ብለው ግማሽ ቀን አጽናንተውኛል።

ከምክራቸው ሁሉ የሚወዷት ግን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የምትለዋን ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ የጉበት ቫይረስ እንዳለባት ለቀዶ ሐኪሙ እንደማትነግር ስታወራ ሰምተው ተቆጧት። ቫይረሱ ጉበትን ካደከመ ደም አልቆም ሊል፣ ቁስል ሊያመረቅዝ፣ የተተከለው ሰው ሠራሽ ጉልበትም ሊበከል እንደሚችል፣ ሐኪሞቹ አስቀድመው ካወቁ ግን አክመውና አዘጋጅተው እንደሚሠሩላት አስረዷት። ሴትዮዋ እሺ ብላ ለሐኪሙ ተናገረች። መጀመሪያ መድኃኒት አስጀመሯት፤ በኋላ ጉልበቷን አስቀይራ ልታመሰግናቸው በእግሯ መጣች።

ግራ የገባኝ የራሳቸው ዳሌ ነበር። እያነከሱ ይመጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ "እኔ አልቸኩልም፣ እሱ ይቅደም" ይላሉ። እኛም ደግነት መስሎን ስንመርቃቸው ከረምን። አንድ ቀን ግን መነሣት አቃታቸው። ደግፌ ሳነሣቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ያ ቫይረስ እኔም ደም ውስጥ አለ፣ ልጄ። ነግሬያቸው አንሠራም ቢሉኝስ?" አሉኝ።

ልምከራቸው ብል የሚመከረውን ሁሉ እሳቸው ተናግረው ጨርሰውታል። እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሙም አንሠራም አላሉም፤ ጉበቱ እስኪታከም ድረስ ታገሡ አሉ እንጂ።

የጉበቱን ሕክምና ጨርሰው ዛሬ ቀዶ ሕክምና ገቡ። አግዳሚው ላይ ራጃችንን ገልብጦ የሚያይልን ጠፋ። ወሬያቸውን ፈርቼ ጥግ ስይዝ የከረምኩት እኔ፣ እንደዚህ እንደምወዳቸው ያወቅኩት ገና ዛሬ ነው።

ከቀትር በኋላ ነርሷ በሩን ከፍታ፣ "የዳሌው ታካሚ ቤተሰብ ማነው?" አለች። "ደኅና ናቸው፣ ነቅተዋል። ግን አጠገባቸው ያለውን ታካሚ በምክር ስላስቸገሩት አንድ ሰው ገብቶ ዝም ያሰኝልን።"

በክራንች፣ በምርኩዝ፣ ግድግዳ እየያዝን፣ አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁላችንም ተነሣን።